ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት፦ ዶጀርስ ወይስ ቶሮንቶ?

ሳምንት ሙሉ ሲጫወቱ ከርመው ምንም አልለየላቸውም። ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሦስት፣ ቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ሦስት። የቀረው አንድ ጨዋታ ነው። በእኛ ሰዓት ዛሬ ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት፣ ለእሑድ ጥቅምት 23 አጥቢያ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በሮጀርስ ሴንተር ይጀመራል። የአሜሪካ ቤዝቦል የዓመቱ ሻምፒዮን የሚለየው በዚህ ጨዋታ ነው። እኔም ማን እንደሚያሸንፍ እናገራለሁ። ግን ስሙን ወርውሬ መሄድ አልፈልግም። ከስሙ ይልቅ እዚያ ያደረሰኝ መንገድ ነው የሚጠቅማችሁ፤ በተለይ እጃችሁ ላይ ባለው ስልክ ትኬት ለመቁረጥ ለምታስቡ።

ቤዝቦል ለማይከታተል ሰው በአጭሩ። አንዱ ቡድን ይወረውራል፣ ሌላው ይመታል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ ሲመቱ አንድ ኢኒንግ ይባላል፣ ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው። እኩል ከሆኑ አንድ ወገን እስኪያሸንፍ ይቀጥላሉ። አቻ የሚባል ነገር የለም። ሆምረን ማለት ኳሷ ተመትታ ከአጥር ስትወጣ ነው። ወርዋሪው ደግሞ በእግር ኳስ በረኛ፣ አማካይና አምበል በአንድ ላይ እንደማለት ነው፤ የቡድኑ ዕጣ ግማሹ በእሱ ክንድ ላይ ነው። ችግሩ ክንዱ በየቀኑ አይሠራም። ዋናው ወርዋሪ አንድ ቀን ከሠራ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ አራት ቀን ያርፋል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ የዛሬው ትንበያ በሙሉ እሷ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እግር ኳስ ለምደን ቤዝቦል ስንተነብይ የምንስተው አንድ ነገር አለ። ማንቸስተር ሲቲ በ2017/18 ፕሪምየር ሊጉን በ100 ነጥብ ሲወስድ ከ38 ጨዋታ 32ቱን አሸንፏል። ከመቶ 84 መሆኑ ነው። በቤዝቦል እንደዚህ ዓይነት ቡድን የለም፣ አይኖርምም። ዘንድሮ በመደበኛው ውድድር ከሁሉም ቡድኖች አንደኛ የወጣው ሚልዋኪ ብሩወርስ ከ162 ጨዋታ 97 አሸንፎ 65 ተሸንፏል። የሊጉ ምርጥ ቡድን፣ ከአሥር ጨዋታ አራቱን ይሸነፋል ማለት ነው!

ሚልዋኪ በመደበኛው ውድድር ዶጀርስን ስድስት ጊዜ ገጥሞ ስድስቱንም አሸንፎ ነበር። ከዚያ በጥቅምት መጀመሪያ በግማሽ ፍጻሜው ተገናኙ። ዶጀርስ 4 ለ 0 ጠረጋቸው። ሚልዋኪ በአራት ጨዋታ በድምሩ ያገኘው አራት ነጥብ ብቻ ነው። አራተኛው ላይ ሾሄ ኦታኒ ስድስት ኢኒንግ ነጥብ ሳያስቆጥርባቸው ወርውሮ፣ አሥር መቺ ባዶ እጁን መልሶ፣ እዚያው ጨዋታ ላይ ራሱ ሦስት ሆምረን መታ። ስድስት ለዜሮ የሚለውን ታሪክ አይቶ ሚልዋኪ ላይ ያሲያዘ ሰው ምን እንደተሰማው መገመት ነው።

ሰባት ጨዋታ ታዲያ እውነተኛውን ጎበዝ ለመለየት አይበቃም? አይበቃም። አንዱ ቡድን ከሌላው በእርግጥ የተሻለ ነው እንበል፤ በአንድ ጨዋታ ከመቶ 55 የማሸነፍ ዕድል አለው። ሒሳቡን ስትሠሩት ይሄ ቡድን አራት ጨዋታ ቀድሞ የማሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 61 ገደማ ነው። ስለዚህ ደካማው ቡድን ከመቶ 39 ጊዜ ዋንጫውን ይወስዳል። ልዩነቱ ሰፍቶ 60 ለ 40 ቢሆን እንኳ ደካማው ከመቶ 29 ጊዜ ያሸንፋል። ሰባት ጨዋታ ትንሽ ያበጥራል እንጂ ፍሬውን ከገለባው ሙሉ በሙሉ አይለይም። የዛሬው ደግሞ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። «እርግጠኛ ነኝ» የሚላችሁ ሰው ካለ የሚሸጥላችሁ ነገር አለው።

ወደ ሁለቱ ቡድኖች ልምጣ።

ዶጀርስ የአምናው ሻምፒዮን ነው። ዘንድሮ ካሸነፈ ከኒው ዮርክ ያንኪስ የ1998–2000 ቡድን ወዲህ በተከታታይ የወሰደ የመጀመሪያው ይሆናል። ኦታኒን በ10 ዓመት 700 ሚሊዮን ዶላር፣ ያማሞቶን በ12 ዓመት 325 ሚሊዮን ዶላር ያስፈረመ ቡድን ነው። ብዙ የአሜሪካ ተመልካች «ቤዝቦልን በገንዘብ አበላሹት» ይላቸዋል፤ አሠልጣኙ ዴቭ ሮበርትስም ሚልዋኪን ሲያሸንፉ አራት ጨዋታ ጨምረን በደንብ እናበላሸዋለን ብሎ ቀልዷል። ሰው ያን ቀልድ አልረሳለትም።

ቶሮንቶ አምና ከምድቡ መጨረሻ የወጣ ቡድን ነው። 74 አሸንፎ 88 ተሸንፎ ነበር። ዘንድሮ 94 አሸነፈ፤ ዶጀርስ 93። ያቺ የአንድ ጨዋታ ልዩነት ናት የዛሬውን ጨዋታ ቶሮንቶ ያመጣችው። ያንኪስን አባረሩ፤ ከዚያ ከሲያትል ጋር 3 ለ 2 ሲመሩ ከነበረበት ተነስተው በሰባተኛው ጨዋታ፣ በሰባተኛው ኢኒንግ፣ ጆርጅ ስፕሪንገር በመታት የሦስት ነጥብ ሆምረን 4 ለ 3 አለፉ። ከ1993 ወዲህ ለፍጻሜ ሲደርሱ የመጀመሪያቸው ነው። ግን እነሱንም «ምስኪን» አድርጋችሁ አትዩ፤ ለቭላዲሚር ጉሬሮ ጁኒየር በሚያዝያ 500 ሚሊዮን ዶላር የፈረሙ ሰዎች ናቸው። በዳዊትና በጎልያድ የሚመሰል ነገር የለም፤ ሁለት ሀብታሞች ናቸው፣ አንዱ ትንሽ ይበልጣል።

በነገራችን ላይ ኦታኒ የቶሮንቶ ሊሆን ነበር። በታኅሣሥ 2023 በፈረንጆቹ፣ «ኦታኒ ወደ ቶሮንቶ በሚበር አውሮፕላን ላይ ነው» የሚል ወሬ ወጥቶ ሺዎች በስልካቸው የአንድ የግል ጀት በረራ ሲከታተሉ ዋሉ። ጀቱ ሲያርፍ ከውስጥ የወረደው ሌላ ነጋዴ ነበር። በማግስቱ ኦታኒ የዶጀርስ መሆኑን አስታወቀ። የቶሮንቶ ደጋፊ በዚህ ተከታታይ ጨዋታ «እኛ አንፈልግህም» እያለ በጩኸት ሲዘምርበት የከረመው ለዚህ ነው። የተናቀ ፍቅረኛ ዜማ ነው፣ አትፍረዱባቸው።

እስካሁን በተደረጉት ስድስት ጨዋታዎች የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ፤ ሐሳቤን የቀየሩት እነሱ ናቸው።

አንደኛውን ቶሮንቶ 11 ለ 4 ወሰደ። በስድስተኛው ኢኒንግ ብቻ ዘጠኝ ነጥብ። ተቀይሮ የገባው አዲሰን ባርገር ሦስቱም ቤዞች ላይ ሰው ቆሞ ሆምረን መታ፤ ተቀያሪ መቺ እንዲህ ሲያደርግ በወርልድ ሲሪስ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን ዶጀርስ 5 ለ 1። ያማሞቶ ዘጠኙንም ኢኒንግ ብቻውን ጨረሰ፣ የመጨረሻዎቹን ሃያ ሰዎች በተከታታይ አስወጥቶ። በዚህ ዘመን ወርዋሪ አንድ ጨዋታ ብቻውን መጨረሱ ብርቅ ነው፤ እሱ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አደረገው።

ሦስተኛው የእብደት ነበር። በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ተጀምሮ ያለቀው ለጠዋቱ 4 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ሰው ቢሮ ገብቶ ሻይ ጠጥቶ እነሱ ገና ይጫወታሉ። አሥራ ስምንት ኢኒንግ፣ ስድስት ሰዓት ከ39 ደቂቃ። ኦታኒ ዘጠኝ ጊዜ ቤዝ ላይ ደረሰ። ቶሮንቶዎች ፈርተውት አራት ጊዜ ሆን ብለው ሳይወረውሩለት አሳለፉት። በመጨረሻ ፍሬዲ ፍሪማን ሆምረን መትቶ 6 ለ 5 ጨረሰው። ፍሪማን ካሊፎርኒያ ያደገ ቢሆንም ወላጆቹ ካናዳዊ ናቸው፣ ለካናዳ ብሔራዊ ቡድንም ተጫውቷል። ካናዳን ያስለቀሰው የራሷ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ነው ብዙ ተንታኝ የተሸወደው። «ቶሮንቶ አለቀለት፣ እንዲህ ዓይነት ሽንፈት ሞራል ይገድላል» ተባለ። ቶሮንቶ በማግስቱ ኦታኒ ራሱ በወረወረበት ጨዋታ 6 ለ 2፣ ከዚያ 6 ለ 1 አሸነፈ። ሁለቱንም በሎስ አንጀለስ። አምስተኛው ላይ የወረወረው የ22 ዓመቱ ትሬይ የሳቪጅ ነው። ይሄ ልጅ የውድድር ዓመቱን የጀመረው ከታችኛው የታዳጊዎች ሊግ ነበር። በጥቅምት በወርልድ ሲሪስ አሥራ ሁለት የዶጀርስ መቺ ባዶ መለሰ፤ ለጀማሪ ተጫዋች የውድድሩ ክብረ ወሰን ነው። ስለዚህ «ሞመንተም» ለሚባለው ነገር እኔ ብዙ ቦታ አልሰጥም። የቤዝቦል ሞመንተም የነገው ወርዋሪ ነው።

ስድስተኛው ዛሬ ንጋት ላይ ነው ያለቀው። ዶጀርስ 3 ለ 1። ግን መጨረሻውን ያላያችሁ ካላችሁ ቪዲዮውን ፈልጉ። ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ቶሮንቶ በሁለት ነጥብ ተመርቷል፣ አንድ ሰው ቤዝ ላይ ነው። ባርገር ኳሷን እስከ አጥሩ ድረስ ሰደዳት፣ ኳሷ መሬቱና የአጥሩ ስፖንጅ በሚገናኙበት ቦታ ተሰነቀረች። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ኳስ ከተሰነቀረ ጨዋታው ይቆማል፣ ሯጮቹ ሁለት ሁለት ቤዝ ብቻ ይሰጣቸዋል። ነጥብ ሊሆን ይችል የነበረው ሯጭ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ቆመ። ከዚያ ታይለር ግላስናው ገባ፤ በሦስት ኳስ ጨዋታውን ዘጋው። የመጨረሻውን ኳስ ኪኬ ኸርናንዴዝ እየሮጠ መጥቶ በአየር ያዘና ወደ ሁለተኛ ቤዝ ወረወረ፣ ባርገር ወደ ቤዙ ሳይመለስ ተያዘ። ሁለት ሰው በአንድ ኳስ ወጣ። የካናዳ የ32 ዓመት ጥበቃ በአንድ ቁራጭ ስፖንጅ ተገታ። ይሄን የትኛው የኮምፒውተር ሞዴል ይተነብየዋል?

አሁን ቁጥሮቹን ደምሩ። በስድስቱ ጨዋታ ቶሮንቶ 30 ነጥብ አስቆጥሯል፣ ዶጀርስ 21። በዘጠኝ ነጥብ ይበልጣሉ ግን 3 ለ 3 ናቸው። ምክንያቱም ቶሮንቶ ሲያሸንፍ ይረፈርፋል፣ ዶጀርስ ደግሞ በጠባቡ ነው። ይሄን አይቶ «ቶሮንቶ የተሻለ ቡድን ነው» የሚል አለ፤ አልሳሳተም ይሆናል። ግን በ1960 ያንኪስ ፒትስበርግን በጠቅላላ ነጥብ 55 ለ 27 በልጦ፣ ዋንጫውን የወሰደው ፒትስበርግ ነው፤ በሰባተኛው ጨዋታ 10 ለ 9። ትናንት የተረፈ ነጥብ ለዛሬ አይተላለፍም።

ለቶሮንቶ የሚመሰክረውን ሁሉ በሐቀኝነት ላስቀምጥ። መቺዎቻቸው ዘንድሮ ከሁሉም ቡድን ይልቅ ባዶ የማይመለሱ ናቸው፤ ኳስ ይነካሉ፣ ወርዋሪውን ያደክማሉ፣ ከድካሙ በኋላ ይመቱታል። ጉሬሮ በዚህ ጥሎ ማለፍ ስምንት ሆምረን መትቷል። በሦስተኛው ጨዋታ የተጎዳው ስፕሪንገርም ተመልሷል። ስፕሪንገር ደግሞ ለሎስ አንጀለስ የቆየ ቁስል ነው፤ በ2017 ሂውስተን ዶጀርስን በሜዳቸው በሰባተኛው ጨዋታ ሲያሸንፍ የተከታታዩ ኮከብ እሱ ነበር፤ ኋላም ያ የሂውስተን ቡድን በካሜራ የተጋጣሚን ምልክት ይሰርቅ እንደነበር ሊጉ አረጋገጠ። የሎስ አንጀለስ ሰው እስከ ዛሬ ሲያየው ይጮህበታል። በተቃራኒው የዶጀርስ ዱላ ደርቋል፤ ባለፉት ሦስት ጨዋታዎች በ27 ኢኒንግ ያገኙት ስድስት ነጥብ ብቻ ነው። የትናንትናዎቹ ሦስት ነጥቦችም ሁሉም በአንድ ኢኒንግ የመጡ ናቸው።

ሜዳውም የቶሮንቶ ነው። ግን ይቺ ነገር እንደምታስቡት ከባድ አይደለችም። ያለፉት አራት የወርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታዎች፣ የ2014፣ የ2016፣ የ2017 እና የ2019፣ አራቱንም ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው። በ2019 እንዲያውም ዋሽንግተንና ሂውስተን ሲገናኙ ሰባቱንም ጨዋታ እንግዳው ነው ያሸነፈው፣ ባለሜዳ አንድም አላሸነፈም። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ አንባቢዎች ያንን ጥቅምት ታስታውሱታላችሁ። ያን ጊዜ ሰባተኛውን ጨዋታ ለዋሽንግተን የጀመረው ማክስ ሸርዘር ይባላል። ዛሬ ሌሊት ለቶሮንቶ የሚጀምረው ማን መሰላችሁ? ራሱ ሸርዘር፣ በ41 ዓመቱ።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ትንበያ የሚወሰነው።

ሸርዘር ጀግና ነው፣ ዓይኑን ሲያፈጥ ራሱ ያስፈራል። ግን በሦስተኛው ጨዋታ አምስት ኢኒንግ አልሞላም። ከእሱ ብዙ ከተጠበቀ አራት ኢኒንግ ነው። በዶጀርስ በኩል ኦታኒ ነው የሚጠበቀው፣ በሦስት ቀን እረፍት ብቻ። በመደበኛው ውድድር ሳምንት ገደማ የሚያርፍ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከእሱም ረጅም ሥራ አትጠብቁ። ታዲያ ለምን እሱ ይጀምራል? ደንቡ ነው። ኦታኒ ወርዋሪም መቺም ሆኖ ጨዋታውን ከጀመረ፣ ከመወርወሩ ሲወጣ በመቺነት መቀጠል ይፈቀድለታል። መሀል ላይ ገብቶ ከወረወረና ከወጣ ግን ቡድኑ ያንን ልዩ የመቺ ቦታ ያጣል፣ ኦታኒንም ሜዳ ላይ ሌላ ቦታ ካላቆሙት ያጡታል። ስለዚህ ሁለት ኢኒንግም ይሁን ሦስት፣ እሱን መጀመሪያ መጠቀም ብልህነት ነው።

ዋናው ግን ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ነው። የዶጀርስ ትልቁ ድክመት ዓመቱን ሙሉ ተቀያሪ ወርዋሪዎቹ ናቸው፤ ቡልፔን የሚሉት። የአንደኛው ጨዋታ ዘጠኝ ነጥብ የመጣው ከዚያ ነው። በሌላ ቀን ይሄ ድክመት ያሳስበኝ ነበር። ዛሬ ግን ነገ የሚባል የለም። ለነገ የሚቆጠብ ክንድ ስለሌለ አሠልጣኙ ያን ደካማ ቡልፔን መንካት አያስፈልገውም። ዋናዎቹን ወርዋሪዎች ተራ በተራ ማስገባት ይችላል፦ ኦታኒ፣ ከዚያ ትናንት ሦስት ኳስ ብቻ የወረወረው ግላስናው፣ ከዚያ ሁለት ቀን ያረፈው ብሌክ ስኔል፣ መዝጊያ ላይ ሳሳኪ። የዶጀርስን ቀዳዳ የሚደፍነው ይሄ የአንድ ሌሊት ዕድል ነው። ቶሮንቶም የሳቪጅንና ሼን ቢበርን እንዲሁ ሊያወጣ ይችላል፣ እነሱም ቀላል አይደሉም፤ ግን የቶሮንቶ ቡልፔን ከመጀመሪያውም ያን ያህል አልከፋም፤ ስለዚህ ከዚህ ሌሊት የበለጠ የሚያተርፈው ዶጀርስ ነው። ያማሞቶን አልቆጥረውም፤ ትናንት 96 ኳስ ወርውሯል። ምንም እንኳ በዚያ በአሥራ ስምንት ኢኒንጉ ሌሊት፣ ሙሉ ጨዋታ በጨረሰ በሁለተኛው ቀን፣ ተነስቶ ሲያሟሙቅ ያየነው ሰው ቢሆንም። እብድ ነው።

ስለዚህ ዶጀርስ እላለሁ። በስንት ዕድል? ከመቶ 53። ከዚያ በላይ ካልኩ እዋሻለሁ።

«53 ምን ትንበያ ነው፣ ሳንቲም መወርወር አይደለም እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ነው ማለት ይቻላል። ግን እስቲ ይሄን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ካለው ኦድ አጠገብ አስቀምጡት። ለምሳሌ አወራራጁ ለዶጀርስ 1.80፣ ለቶሮንቶ 2.05 ሰጠ እንበል። አንድን ለ1.80 ስታካፍሉ ከመቶ 55.6 ይመጣል። አንድን ለ2.05 ስታካፍሉ 48.8። ሁለቱን ደምሩ፤ 104 ከምናምን። ከመቶ በላይ እንዴት ይሆናል? ትርፏ የአወራራጁ ናት። ማንም ቢያሸንፍ እሱ በልቷል። በእኔ 53 ከሄዳችሁ ዶጀርስ ላይ በ1.80 መቶ ብር ባሲያዛችሁ ቁጥር በአማካይ አምስት ብር ገደማ ትከስራላችሁ፤ ትንበያዬ ትክክል ሆኖ እንኳ! ቶሮንቶ ላይም ብትሄዱ በትንሹም ቢሆን ኪሳራ ነው። ጨዋታውን ማወቅና ከኦዱ መብለጥ ለየቅል ናቸው፤ ሰፈር ውስጥ ስለ እግር ኳስ ከማንም በላይ የሚያውቅና ሁሌ ትኬቱ የሚቃጠል ልጅ የማታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የኦታኒ አስተርጓሚ የነበረውን ኢፔይ ሚዙሃራን አስታውሱ። ከቤዝቦል ጋር ከእሱ በላይ የቀረበ ማን ነበር? የዓለምን ትልቁን ተጫዋች ምሳ እንኳ የሚያዝለት እሱ ነው። ለሕገወጥ አወራራጅ ዕዳ ለመክፈል ከኦታኒ የባንክ ሒሳብ ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ሰርቆ በየካቲት 2025 አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር ተፈረደበት። ዘንድሮ ደግሞ ሁለት የክሊቭላንድ ወርዋሪዎች ከክረምቱ ጀምሮ ከውርርድ ጋር በተያያዘ ምርመራ ከጨዋታ ውጪ ናቸው። ሊጉ ራሱ ግን በየኢኒንጉ መሀል የውርርድ ማስታወቂያ ያሳያል። ይሄን ልዩነት እንዴት እንደሚያስታርቁት እኔ አልገባኝም።

ስለ ማስታወቂያ ካነሳን፣ የዘንድሮው ፍጻሜ ከስፖርትም ያለፈ ነው። ቶሮንቶ የኦንታሪዮ ግዛት ዋና ከተማ ናት። የኦንታሪዮ መንግሥት ሮናልድ ሬገን በ1987 ታሪፍን ሲተቹ የተናገሩትን ድምፅ ተጠቅሞ ማስታወቂያ ሠራ፤ በመጀመሪያው ጨዋታ ሳይቀር ተላለፈ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ተቆጡ፣ ከካናዳ ጋር የነበረውን የንግድ ድርድር አቋረጡ፣ ተጨማሪ 10 በመቶ ታሪፍ እጥላለሁ አሉ። ዓመቱን ሙሉ «51ኛ ግዛት ትሆናላችሁ» ሲባል ለከረመ ሕዝብ ይሄ ጨዋታ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቡድኑ ውስጥ ካናዳዊ ተጫዋች ፈልጋችሁ ብዙ አታገኙም፤ ጉሬሮ ሞንትሪያል መወለዱ እንኳ አባቱ እዚያ ይጫወት ስለነበር ነው። ግን ከዳር እስከ ዳር አገሩ ሰማያዊ ለብሷል። ስሜት ግን ትንበያ ውስጥ አይገባም። ቢገባ ኖሮ ቶሮንቶ እል ነበር፤ ልቤ እዚያ ነው፣ አልደብቃችሁም።

የእኛም ሰው በሁለቱም ወገን አለ። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከ2002 ጀምሮ በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚባል ሰፈር አለን፤ ቶሮንቶም ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ክትፎና ቡና አይጠፋም። አዲስ አበባ ተቀምጠን ሁለቱም ጋ ዘመድ ያለን ሰዎች ብዙ ነን፤ እሑድ ጠዋት ለማን እንኳን ደስ ያለህ፣ ለማን አይዞህ ብለን እንደምንደውል ነው የማይታወቀው።

ለመንቃት የወሰናችሁ፣ ሁለት ነገር ብቻ እዩልኝ። የመጀመሪያው ኦታኒ በሁለተኛው ኢኒንግ ስንት ኳስ እንደወረወረ ነው። ቶሮንቶዎች በትዕግሥት እያስቆሙ በሁለት ኢኒንግ 40 ኳስ ካስወረወሩት፣ የእኔ 53 ወዲያው ከ50 በታች ወርዷል። ሁለተኛው ከሰባተኛው ኢኒንግ በኋላ ከዶጀርስ ቡልፔን በር የሚወጣው ሰው ነው። ግላስናውን ወይም ስኔልን ካያችሁ ዕቅዳቸው ሠርቷል። ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰሙት ሰው ከወጣ ግን፣ ቶሮንቶ ያለው ዘመዳችሁ ጋ ለመደወል ካርድ ሙሉ።